ብረት ሳይነካ የተሞከረው ሳምንት

ሠራተኛው «ማይስተር» እያለ የሚጠራቸው የቫልቭ ፋብሪካ ክፍል አለቃ ጎትሂልፍ ሄገሌ ሰኞ ጠዋት ከባቡር ሲወርዱ የሚሸሿት ልጅ ፊት ለፊት ገጠመቻቸው። ኔርሚን አክሶይ ትባላለች። አባቷ በዚያው ፋብሪካ እቶን ላይ ሃያ ዓመት ሠርቷል፤ እሷ ግን ተምራ መጥታ የሥራውን ተራ በኮምፒውተር ካልሞከርን ትላለች። ተራውን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ ካርድ እየሰቀሉ ያወጡት ደግሞ ሄገሌ ናቸው።

«ማይስተር፣ የያዝነው የቫልቭ ትዕዛዝ እስከ ዓርብ ካልደረሰ ክፍሉ ይዘጋል አሉ።»

«ስልሳ ሰው የማስተዳድር ሰውዬ ይህን ሳልሰማ እቀራለሁ?»

«እንግዲያው ሳምንቱን አስቀድመን በኮምፒውተር እናስኪደው። የትኛው ተራ እንደሚያዘገየን ብረት ሳንነካ እናያለን።»

«ኮምፒውተርሽ እቶን አጠገብ ቆሞ ያውቃል?»

«አያውቅም። የሚያውቀው እርስዎ የነገሩትን ብቻ ነው።»

ሄገሌ ጠብ ፈልገው ጠብ አጡ። ሊያሳፍሯት ግን ያለፈውን ወር ክፉ ሳምንት ሰጧት። ኮምፒውተሩ ሥራው ረቡዕ ያልቃል አለ፤ ያለቀው ቅዳሜ ነበር።

«አየሽ? የብረቱ ዓይነት ሲቀየር እቶኑ ሁለት ሰዓት ይቀዘቅዛል። ይህን ማን ነገረው?»

«አሁን እርስዎ።» ጨመረችበት፤ ኮምፒውተሩም ቅዳሜ አለ።

ሄገሌ ወንበር ሳቡ። የያዙትን ሳምንት በእሳቸው ተራ ስታስኬደው የሚያልቀው በሚቀጥለው ሰኞ ሆነ። በእቶኑ በር ላይ ሥራው ተቆልሏል።

«ብረቱን የሚቀርጹት ማሽኖች፣ ቶርኖዎቹ፣ ስለማያርፉ ነው» አለች ኔርሚን። «እቶኑ ከሚችለው በላይ ስለሚያመርቱ አስቸኳዩ በማያስቸኩለው ይቀበራል። ከቶርኖዎቹ ሁለቱ ግማሽ ቀን ቢቆሙ፣ አንድ ዓይነት ብረትም አብሮ ቢገባ ሐሙስ ያልቃል።»

የሄገሌ ፊት ጠቆረ። «እኔ ባለሁበት ማሽን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሰዉ ምን ይለኛል?»

«አባቴ የሚለውን ልንገርዎት? ሄገሌ ጎበዝ ነው፣ እቶኑን ሳይጠይቅ ማዘዙ ነው እንጂ።»

ሰውየው እልኸኛ እንጂ ክፉ አልነበሩም፤ ለራሳቸው ክብር ሲሉ የስልሳ ሰው እንጀራ መዝጋት ደግሞ አልሆነላቸውም። ወርደው ወደ ቶርኖው ሠራተኛ ሄዱ።

«ብሩኖ፣ አጥፋው።»

«ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። ለዛሬ ይብቃው።»

ረቡዕ የእቶኑ ሠራተኛ ታመመ። ሄገሌ ራሳቸው ኔርሚንን ፈልገው አገኟት፤ በኮምፒውተሩ አሥር ተራ ሞክረው አንዱን መረጡ። ሥራው ሐሙስ ባያልቅም ዓርብ ረፋድ ላይ የመጨረሻው ሣጥን ተጫነ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል አስቸኳይ ሥራ አይቀበርም፤ እቶኑም በከንቱ አይቀዘቅዝም፤ ሠራተኛውም ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ይውላል። ነባሩ የሚያውቀውን ሳይደብቅ ከነገረ፣ የተማረውም መጠየቅን ካልናቀ፣ የሁለቱ ዕውቀት አንድ ይሆናል።

በዚያው ዓርብ የፋብሪካው ዳይሬክተር መጥተው፣ «ያለ ስህተት እንዴት ተወጣችሁት?» ብለው ጠየቁ።

«ስህተቱማ ሞልቶ ነበር» አሉ ሄገሌ። «ኮምፒውተሩ ላይ ጨረስነው።»