ምራት የማትጠራው ስም

እኛ ሙሽራ በነበርንበት ዘመን፣ ልጄ፣ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም ነበር። ጻፊው፣ እንደተናገርኩት አድርገሽ ጻፊው። አሁን በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ሦስት ገላኔዎች አሉ ብለሽ መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ፤ ይህን ሰፈራችንን ባኬ ጃማንም ብትዞሪ በየመንደሩ አንዲት ገላኔ አታጪም፤ አንዱ ከዘፈን የመጣ ስም ነው ይልሻል፣ አንዱ ከቴሌቪዥን ነው ይልሻል፤ የማያውቀውን የሚያወራ ሰው መቼም አፉ አይደክምም። እኔ ነቀምቴ ስገባ ይህ ስም ያላቸው አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም አማቴ ነበሩ። ዛሬ ገላኔ፣ ገላኔ እያልኩ እንዳሻኝ ስጠራው ትሰሚያለሽ አይደል፤ ታዲያ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን እንኳ።

እኔ የወሎ ሰው ልጅ ነኝ። አባቴ በሰፈራ ሲመጣ አሥር ዓመት አልሞላኝም ነበር፣ እና ለአቅመ ሔዋን ስደርስ የዚህ አገር ልጅ፣ የልጆቼ አባት፣ አገባኝ። በሠርጌ ማግሥት አክስቱ፣ አዳዳ ነው የምንላቸው፣ ጓዳ አስገብተው አስቀመጡኝና ድምፃቸውን እንደ ዳኛ አወፍረው፣ "ስሚ አንቺ የሰፋሪ ልጅ፣ እዚህ ቤት ለጉ የሚባል ነገር አለ። አማትን በስም አለመጥራት ነው። የአማትሽ ስም ገላኔ ነው። እኔ እጠራታለሁ፣ የወንድሜ ሚስት ናት፤ አንቺ አዮ ትያታለሽ፣ እናቴ ማለት ነው። ስሟ ብቻ አይደለም፣ ስሟን የሚመስለውንም ቃል ትተዪዋለሽ" አሉኝ።

ገላና በኦሮምኛ ትልቁ ውኃ ነው፣ ባሕር በይው።

"ታዲያ ባሕሩን ምን ልበለው?" አልኳቸው።

"ነቀምቴ ባሕር የለም፣ ምን አስጨነቀሽ?" አሉኝ።

እና ያዝኩት። ጎረቤት ያሉት ሴቶች "የሰፋሪ ልጅ ናት፣ ወር ሳይሞላት ትስታለች" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። እዚሁ የተወለዱት ምራቶች ሲቆጡ ያመልጣቸዋል፣ ሲደነግጡ ያመልጣቸዋል፣ እኔ ምጥ ላይ ሆኜ እንኳ አላመለጠኝም። ቀበሌ ሄጄ ጸሐፊው "የአማትሽ ስም ማን ነው?" ሲለኝ፣ "መታወቂያቸው እጅህ ላይ ነው፣ ዓይን የለህም?" ብዬው ወጥቻለሁ። ታዲያ ውሎ አድሮ ያው ሴቶች ምራቶቻቸውን ሲቆጡ "እስቲ ከእሷ ተማሪ፣ ከባዕድ ልጅ" ማለት ጀመሩ። ሰው የሆንኩት ያን ጊዜ ነው።

ማንበብ የተማርኩት ከልጆቼ ደብተር ነው፤ እነሱ ሲያጠኑ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ በጎን አያለሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ለየሁ። በኋላ አማቴ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደውና መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ የማነብላቸው እኔ ሆንኩ። ሕዝቡ ባሕር የሚሻገርበት ቦታ ስደርስ ቃሉን ዘልዬ "ሰፊው ውኃ" እላለሁ። ሰፊው ውኃ ተከፈለ፣ በሰፊው ውኃ መካከል አለፉ፣ ሰፊው ውኃ ተመለሰ። እሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

"ይሄ ውኃ ስም የለውም እንዴ?" ይሉኛል።

"አለው አዮ፣ የማልጠራው እኔ ነኝ።"

አንድ ቀን እንዲህ ስቀው ሲያበቁ የስማቸውን ነገር አጫወቱኝ። እናታቸው ነፍሰ ጡር ሆነው ዘመድ ጠይቀው ወደ አገራቸው ወደ ኑኑ ቁምባ ሲመለሱ ዴዴሳ ሞልቶ አላሳልፍ አለ። አባትየው ቀድመው ተሻግረዋል፣ እናትየው ወዲህ ማዶ ቀርተዋል፣ እና እዚያው ከወንዙ ዳር፣ ከማያውቋቸው መንገደኞች መሀል ወለዱ። ውኃው በሦስተኛው ቀን ሲጎድል አባትየው ተሻግረው መጡና "ማን አልሻት?" ቢሏቸው፣ "አላሳልፍ ብሎ ያስቀረን እሱ ነው፣ ስሙንም እሱ ይስጣት" አሉ። በቃ፣ ገላኔ። ከዚያ በፊት በዘራቸው ያን ስም የያዘ የለም፣ በአገሩም አልተሰማም። "ልጅ ሳለሁ ይስቁብኝ ነበር" አሉኝ አማቴ፣ "ውኃዋ መጣች እያሉ።"

ታዲያ ዕድሜ ሲረዝም የሚጠራሽ ሰው ይቀንሳል፣ ልጄ፤ አንቺ ገና ነሽ፣ አታውቂውም። ባላቸው ሞቱ። አዳዳ ሞቱ። የቀሩት ኑኑ ቁምባ ያሉት ታላቅ ወንድማቸው ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም በየእሑዱ ይደውላሉ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ የምይዝላቸው እኔ ነኝ። "ገላኔ፣ ዝናቡ እንዴት ነው? ገላኔ፣ ጥጃዋ ታማብናለች፣ ገላኔ" ይላሉ ሰውዬው፣ በየቃሉ መሀል የእህታቸውን ስም ካልከተቱ ወሬ የሚሄድላቸው አይመስልም። አማቴም የጥጃዋ ነገር ግድ ኖሯቸው አይደለም የሚያዳምጡት።

እኒያ ወንድም ሞቱ። ቀብረን ተመለስንና አማቴ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡና "እንግዲህ የሚጠራኝ አለቀ" አሉ።

"አዮ፣ እኛ አለን አይደለም ወይ?" አልኳቸው።

"እናንተማ አዮ ትሉኛላችሁ፣ ልጆቹ አኮ፣ አያቴ፣ ይሉኛል፣ ጎረቤቱ የእገሌ እናት ይለኛል። ደግ ነው። ግን አምላክ በስሜ ሲጠራኝ የሌላ ሰው ስም መስሎኝ ዝም እንዳልል ፈራሁ።"

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንሥቼ አጠፍኩላቸው።

ያን ሰሞን ልጄ ሶሬቲ የምትኖረው ቢላ ከተማ ነበር፣ ባሏ እዚያ ያስተምር ነበር፣ እና የመጀመሪያዋን አርግዛ ቀኗ ደርሷል። ሴት እንደሆነች ሐኪም ነግሯታል። ስም ከስልክ ላይ መርጬያለሁ ትለኛለች፣ ምላስ የሚጠልፍ ስም። ደወልኩና "ያንን ተዪው፣ የአኮሽን ስም ስጫት" አልኳት።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ የማንም ስም አይደለም። ልጆች ይስቁባታል።"

"የማንም ስላልሆነ ነው የምልሽ።"

"አንቺስ? በስሟ ልትጠሪያት አትችይም እኮ" አለችኝ።

"ለእሱ አታስቢ። ሚጡ እላታለሁ፣ ሆዴ እላታለሁ። ዕድሜ ልኬን ዘዴ ስፈልግ አይደል የኖርኩት" አልኳት። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጄን አንድ ቀን እንኳ በስሟ ሳልጠራት ልኖር ነው።

ልጅቷ በተወለደች በሁለተኛ ወሯ ሶሬቲ ይዛት መጣች። ቀትር ነው፣ የልጆቼ አባት ሥራ ላይ ነው፣ ቤት ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን። አማቴ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀመጡና ልጅቷን አስታቀፍናቸው። በጣታቸው ግንባሯን ዳሰሱ፣ አፍንጫዋን ዳሰሱ።

"ማን አላችኋት?"

ሶሬቲ እኔን አየችኝ። "የእርስዎን ስም ነው፣ አኮ" አለች።

ጣታቸው ልጅቷ ጉንጭ ላይ እንዳለ ቀረ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት፣ ፊታቸው ግን ጠቆረ።

"ማን አሰበው?"

"እማዬ ናት።"

"እሷ ምን ብላ ልትጠራት ነው?"

"ሚጡ እላታለሁ ብላለች።"

"እንግዲያው ስሟ ሚጡ ነው" አሉ አማቴ። "አያቷ አፍና የምትይዘውን ስም ለልጅ አልመርቅም። ሌላ አውጡላት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ የማያየው ዓይናቸው ልክ ፊቴ ላይ አረፈ። "ወይ ጥሪው።"

"አልችልም፣ አዮ።"

"ስሙ የእኔ ነው፣ እኔ ፈቀድኩልሽ።"

"የከለከሉኝ እርስዎ አይደሉም፣ አዳዳ ናቸው" አልኳቸው፤ ይቺ ምላሴ መቼም በችግር ጊዜም አርፋ አትቀመጥም።

"አዳዳ ሞታለች። ተነሥታ አትቆጣሽም።"

አየሽ፣ ልጄ፣ ለሰው ቀላል ይመስለዋል። ሦስት ፊደል ናት። ግን እኔ እዚህ ቤት መሬት ይዤ አልመጣሁ፣ ወገን ይዤ አልመጣሁ፤ ሰው ፊት የቆምኩት "ያቺ የሰፋሪ ልጅ ስም አክባሪ ናት" ተብዬ ነው። አሁን እሱን በገዛ አፌ ላፈርሰው ነው። ባላፈርሰው ደግሞ ስሙ ከእኒህ ሴት ጋር አፈር ሊገባ ነው፣ ያውም እኔ ጠብቄው፣ እኔው አክብሬው። ሃያ አራት ዓመት ያከበርኳቸው መስሎኝ ሳለ ከሚያጠፉት እንደ አንዱ ሆኜ ተገኘሁ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሶሬቲ አንገቷን ደፋች፣ እኔን ማየት ነውር ሆነባት።

"ገላኔ" አልኩ። ለራሴም አልተሰማኝ።

"አልሰማሁም፣ ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ሆኗል" አሉ። ውሸታቸውን ነው፤ ጓዳ ድስት ሲከደን ከአልጋቸው ሆነው የሚሰሙ ሴት ናቸው።

"ገላኔ" አልኩ፣ አሁን በሙሉ ድምፄ።

"ዬ" አሉ አማቴ።

ዬ በኦሮምኛ አቤት ማለት ነው። ታዲያ የአሮጊት አቤት አልነበረም፤ ደጅ ስትጫወት እናቷ የጠራቻት ልጅ እንደምትመልሰው፣ ፈጠን ብለው፣ ሳያስቡት ነው ያሉት። እኔ የጠራሁት ልጅቷን መስሎኝ ነበር። ልጅቷማ ተኝታለች። ከዚያ ግንባሯን ሳሙና "ገላኔ፣ እደጊ፣ ስምሽን የሚጠራ አትጪ" ብለው መረቁ፣ እኔም ወደ ጓዳ ሮጥኩ፣ ሽንኩርት እንኳ አልነበረም ላመካኝበት።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ቆዩ። ጠዋት ጠዋት ገብቼ "ገላኔ፣ ነጋ" እላቸዋለሁ፣ "ዬ" ይላሉ፣ በቃ፤ አንድ ቀን አላስታጎልኩም። ሰውማ አላረፈም፣ "ጠብቃ ጠብቃ እርጅና ላይ ባለገች" ያሉ ነበሩ። አንዷ ፊት ለፊቴ አለችኝ፣ ስሟን አልነግርሽም፣ ቤቷ ከዚህ ሩቅ አይደለም። "ሂጂና አማትሽን ጠይቂልኝ፣ ስሟን ከሰማች ስንት ዘመን ሆናት?" አልኳት። አማቴ ሲሞቱ ለቅሶው ላይ ሶሬቲ ነገሩን ለሴቶቹ አወራችው፣ እያለቀሱ ሰሙት፣ ሄደውም አወሩት። ከእኛዋ ቀጥሎ የመጀመሪያዋን ገላኔ ብላ ያወጣች ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? ያቺው ባለገች ያለችኝ ናት፣ ለልጅ ልጇ። ከእሷ በኋላማ ማን ይቁጠረው። ይኸው ነው ምንጩ፤ ዘፈኑ ኋላ የመጣ ነው።

ምን አልሽኝ? የእኛዋን? አሁን እናቷ ወደ ነቀምቴ ተዛውራ ከእኔው ጋር ናቸው፣ እና እጠራታለሁ እንጂ። አትሰማም፣ የእናቷን ስልክ ይዛ ቁጭ ናት፤ ያኔ ደጅ ወጥቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጠራታለሁ። ሶሬቲ "ኧረ እማዬ፣ መንደሩ ሁሉ ሰማ" ትለኛለች።

ይስማ።