አሰግድ ጎሉን ትቶ የሮጠ ቀን

ስፍራው፦ ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፤ ዘለቀና ሚስቱ አስካለ ከቀብር ሲመለሱ ዝናብ ከናደው መንገድ ተንሸራታ፣ ገደሉ ወገብ ላይ ዛፍ ያስቀራት ፒክአፕ ውስጥ።

አስካለ፦ ውጣ ብዬሃለሁ ዘለቀ። እጅህ ቢሰበርም አንተ የሚንቀሳቀስ እግር አለህ። መንገዱ ድረስ ውጣና ሰው ጥራ።

ዘለቀ፦ ጥዬሽ የትም አልሄድም። መኪና ሲያልፍ ከዚሁ እጮሃለሁ።

አስካለ፦ ቅድም አይሱዙው ሲያልፍ ጮህክ አይደል? ማን ሰማህ?

ዘለቀ፦ ሞተሩ ነው ድምፄን የዋጠው። ቀጥሎ የሚመጣው ይሰማል።

አስካለ፦ ስልክህስ?

ዘለቀ፦ ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ያንቺ ደግሞ የት እንደገባ እንጃ። መነጽሬ ከወደቀ ወዲህ የራሴን እጅ እንኳ አጥርቼ አላይም። አስኩ፣ ዓይንሽን አትጨፍኚ።

አስካለ፦ አልጨፈንኩም። አሳረፍኩት እንጂ።

ዘለቀ፦ አታሳርፊው። አውሪኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ሲከራከርበት የነበረውን እኛም እንጨርሰው። በኮሌጆች ኳስ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው ቀን የቱ ነው?

አስካለ፦ አሁን ኳስ ነው የታየህ?

ዘለቀ፦ አንቺን ከኳስ በቀር አንቅቶ የሚያቆይሽ ነገር አላውቅም። በሠርግሽ ቀን ሙሽራ ወንበር ላይ ያንቀላፋሽ ሴት ነሽ። በይ ተናገሪ።

አስካለ፦ እናንተ እርሻ ኮሌጆች ደግሞ ስለ ኳስ ምን አፍ አላችሁ? ታሪክ የተሠራው በእኛ በመምህራን ኮሌጅ ነው።

ዘለቀ፦ እሰይ፣ እንደዚህ ተቆጪ። የኩሬውን ቀን ረሳሽው?

አስካለ፦ እሱ ኳስ ነው? እሱ ውርደት ነው።

ዘለቀ፦ ለእናንተ ውርደት ነው፣ ለእኛ ፋሲካ ነበር። ሲዘንብ አድሮ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። የእኛ አጥቂ በረኛችሁን አልፎ ኳሷን ወደ ባዶው ጎል ላካት። ሄደች፣ ሄደችና ልክ መስመሩ ጋ ስትደርስ ኩሬ ውስጥ ገብታ ቆመች። ዳኛው እንኳ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት አንገቱን አስግጎ ያያታል። ከዚያ ያ ቀጭኑ ተከላካያችሁ ላውጣት ብሎ ሲበር መጣ፣ አዳለጠው፣ በመቀመጫው ገፍቶ ራሱ አስገባት።

አስካለ፦ ምስኪን። ከዚያ ወዲያ መመገቢያ አዳራሽ በገባ ቁጥር ልጆቹ ጃንጥላ ይዘረጉለት ነበር። አታስቀኝ እባክህ። ስስቅ ያመኛል።

ዘለቀ፦ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?

አስካለ፦ እግሬን ነዋ። ዳሽቦርዱ ተጭኖታል አልኩህ አይደለም?

ዘለቀ፦ ይደማል እንዴ?

አስካለ፦ አይደማም። ተይዞ ነው። ይልቅ ጉሙን እየው፣ ወደ መንገዱ እየወረደ ነው። ከሸፈነው በኋላ ብትወጣም ሾፌር አያይህም። ሂድ።

ዘለቀ፦ የአሰግድን ቀን ንገሪኝና እናስብበታለን።

አስካለ፦ አታታለኝ።

ዘለቀ፦ አላታለልኩሽም። ዛሬ አፈር አልብሰነው መመለሳችን ነው። ያ ሁሉ ሰው እያነባ ስለዚያች ኳስ ሲያወራ እኔ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ለለቅሶ ቤት አይሆንም ብዬ ነው። አንቺ ንገሪኝ።

አስካለ፦ አንተም እኮ ነበርክ።

ዘለቀ፦ እኔ በዚያኛው በኩል ነበርኩ። ከእናንተ በኩል ምን ይመስል እንደነበር ነው የጠየቅኩሽ። ምላስሽ ሲከብድሽ ይሰማኛል አስኩ። በሞቴ አውሪ።

አስካለ፦ እሺ። አቻ ብንወጣ ዋንጫው የእኛ ነበር። እናንተ ግን አንድ ለባዶ ትመራላችሁ። ሰዓቱ አልቆ ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ አስገብቷል። ያኔ ማዕዘን ምት አገኘን። ቀና ስል አሰግድ በረኛነቱን ትቶ ሜዳውን አቋርጦ ይሮጣል። አሰልጣኙ ተመለስ እያለ ኮፍያውን መሬት ላይ ፈጠፈጠ። ደጋፊው ተመለስ ብሎ ጮኸበት። እኔ ራሴ እብድ ብዬ ሰድቤዋለሁ።

ዘለቀ፦ ደግ አደረግሽ።

አስካለ፦ እሱ ማንንም አልሰማም። ዛሬ እህቱ አጠገቤ ተቀምጣ ምን አለችኝ መሰለህ። ያን ዕለት ጀግና ልሁን ብሎ አልነበረም አለችኝ። እዚያ ብቻውን ቆሞ ጓደኞቹ ሲሸነፉ ከሩቅ ማየት አቃተው። ጎሉን እየጠበቀ፣ ከእንግዲህ ምኑን እንደሚጠብቅ ጠፋው። ስለዚህ ሮጠ። ሲደርስ ኳሷም ደረሰች። ከዚያ ሁሉ ሰው በላይ ሆኖ ተነሳና በቴስታ መታት። እኔ ስትገባ አላየኋትም። ያየሁት የእናንተ ደጋፊ ባንድ ጊዜ ጭንቅላቱን ሲይዝ ነው።

ዘለቀ፦ ከያዙት አንዱ እኔ ነኝ። ግን ዛሬም እብደት ነው እላለሁ። ተከላካያችን ቀድሞ ቢያገኛት የሚጠብቀን ባዶ ጎል ነበር። ሁለት ለባዶ ትሸነፉ ነበር።

አስካለ፦ እንሸነፍ። አንድ ለባዶና ሁለት ለባዶ ምኑ ይለያያል? እዚያው ቢቆምም ተሸንፏል።

ዘለቀ፦ በረኛ ጎሉን ጥሎ አይሄድም አስካለ።

አስካለ፦ አንተ አሁን የምትጠብቀው ምንድን ነው?

ዘለቀ፦ አንቺን ነዋ።

አስካለ፦ እዚህ ተቀምጠህ ከምን ነው የምትጠብቀኝ?

ዘለቀ፦ ከእንቅልፍ። ጥዬሽ ስሄድ ብታንቀላፊስ? ሰው ይዤ ብመለስና ባትመልሺልኝስ? ብቻሽን፣ በዚህ ብርድ። ለልጆቹ ምን እላቸዋለሁ?

አስካለ፦ ብትቆይስ ምን ትላቸዋለህ? እጇን ይዤ አየኋት ትላቸዋለህ?

ዘለቀ፦ እንደሱ አትናገሪ።

አስካለ፦ እጅህን ስጠኝ። የተሰበረውን አይደለም፣ ደህናውን። ከወንበሩ ሥር አስገባው። ትንሽ ወደዚህ።

ዘለቀ፦ ረጥቧል። ዝናቡ ገብቷል እንዴ?

አስካለ፦ ዝናብ እዚህ አልደረሰም።

ዘለቀ፦ አስካለ።

አስካለ፦ ብነግርህ ጭራሽ አትላቀቀኝም ብዬ ነው። ሳልነግርህም አልተላቀቅከኝ።

ዘለቀ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

አስካለ፦ ከወደቅን ጀምሮ። አታልቅስ፣ ጊዜ የለንም። ነጠላዬን ውሰድ። ከጉልበቴ በላይ አዙረውና አንዱን ጫፍ ለኔ ስጠኝ። አንተ በአንድ እጅህ ሳብ፣ እኔም እስባለሁ። አጥብቀው።

ዘለቀ፦ ያምሻል።

አስካለ፦ ይመመኝ። ሳበው። እንደሱ። አሁን ቋጥረው።

ዘለቀ፦ ተቋጠረ። ኮቴን ልበሺ። አስኩ፣ እሄዳለሁ። ግን አፍሽ እንዳይዘጋ። እስክወጣ ድረስ ድምፅሽን እየሰማሁ ነው የምወጣው። የትራክተሩን ቀን ንገሪኝ።

አስካለ፦ የናንተን?

ዘለቀ፦ የኛን። ጮክ ብለሽ።

አስካለ፦ የሰው ድል አውሪ ትለኛለህ። ይሁን። በበሩ ሳይሆን በመስኮቱ ውጣ፣ በሩን ከከፈትከው መኪናዋ ትንቀሳቀሳለች።

ዘለቀ፦ ወጣሁ። ጀምሪ።

አስካለ፦ የእኛ ሜዳ ላይ ነው። ከእረፍት በፊት ሦስት ለባዶ እየመራን ነበር። እናንተ አንድ ደጋፊ እንኳ አልነበራችሁም። አውቶቡሳችሁ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀርቷል ተባለ። ልጆቻችሁ አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚጫወቱት። ዘለቀ?

ዘለቀ፦ አለሁ። ድንጋዩ ከእጄ ሾለከ እንጂ ደህና ነኝ። ከዚያስ?

አስካለ፦ ከዚያ ከዳገቱ ወዲያ ጡሩምባ ተሰማ። የመኪና አይደለም፣ ወፍራም ነው። ሁላችንም ዞርን። የኮሌጃችሁ ትራክተር ተሳቢውን እየጎተተ ብቅ አለ። ተሳቢው ላይ እናንተ እንደ ጭድ ተከምራችኋል። ጭቃ በጭቃ ናችሁ። እየዘፈናችሁ ነው።

ዘለቀ፦ ድምፃችን ጠፍቶ ነበር። መንገዱን ሁሉ ስንዘፍን ነው የመጣነው። አትቁሚ፣ ቁጥቋጦው ጋ ደርሻለሁ።

አስካለ፦ የናንተ አምበል ትራክተሩን ሲያይ ሜዳው መሀል ቆሞ አለቀሰ። ቅርብ ነበርኩ፣ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቡድን ሆኑብን። አንድ አገቡ። የእኛ ሰው መሳቁን ተወ። ሁለተኛውን... ሁለተኛውን ያ አጭሩ ልጅ...

ዘለቀ፦ ያ አጭሩ ልጅ ምን አደረገ?

አስካለ፦ ያ አጭሩ...

ዘለቀ፦ አስካለ፣ ምን አደረገ? ከየት በኩል መታት? አስኩ። ንገሪኝ እንጂ። እኔ ረስቼዋለሁ፣ አንቺ ካልነገርሽኝ ማን ይነግረኛል? አይታየኝም እኮ፣ ጉሙ መሀላችን ገብቷል። መኪናዋም አትታየኝ። አስካለ። ዝም ካልሽ ተመልሼ ልወርድ ነው። መንገዱ ሊደረስ ትንሽ ነው የቀረው፣ ግን እወርዳለሁ። መኪና ይሰማኛል። እየመጣ ነው። ምን ላድርግ? አንዲት ቃል በይኝ፣ ምን ላድርግ?

አስካለ፦ እንዳትወርድ።

ዘለቀ፦ ሰማሁሽ።

አስካለ፦ ውጣ። በግራ እግሩ ነው የመታት።

ዘለቀ፦ በግራ እግሩ ነው። ልክ ነሽ፣ በግራ እግሩ ነው። ወጣሁ። መንገዱ ላይ ነኝ። መብራቱ ይታየኛል። ቁም። ቁም ወንድሜ፣ ሚስቴ ናት፣ ስለ እግዚአብሔር ቁም።

አስካለ፦ ዘለቀ።

ዘለቀ፦ ቆመ። ቆመልን አስኩ። ሰዎች ናቸው፣ ብዙ ናቸው። ገመድ አላቸው። አንዱ የጤና ባለሙያ ነኝ ይላል። ገመዱን ከመኪናው ጋር እያሰሩት ነው፣ አሁኑኑ ይወርዱልሻል። ሰምተሽኛል? አስካለ? እነሱም ዝም ብለው እየሰሙ ነው። እዚያ ታች ሰው አለ ወይ ይሉኛል። አለች አልኳቸው። አለች ብያቸዋለሁ፣ እንዳታሳፍሪኝ። ስድብም ቢሆን በይኝ። ምንም በይኝ።

አስካለ፦ ከመውረዳቸው በፊት የት እንደተማሩ ጠይቅልኝ። እርሻ ኮሌጅ ከሆኑ ሌላ መኪና እጠብቃለሁ።