በር የሌለው ቤተ መንግሥት

ወይራ አምባ ከሚባለው ጉብታ ሥር፣ ድንኳን ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ፤ አንጋፋው የቁፋሮ ሊቅ ፕሮፌሰር ይፍሩና የቀድሞ ተማሪያቸው ዘርትሁን አንድ ላፕቶፕ ፊት ቆመው ይከራከራሉ።

ይፍሩ፦ አልሰቅለውም አልኩ፣ አልሰቅለውም! ነገ ወረዳው፣ ዞኑ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ እዚህ ሲደርስ የአንቺን ባለቀለም ጨርቅ፣ ካርታ ተብዬውን፣ ከጀርባዬ ዘርግቼ ልቁም?

ዘርትሁን፦ ይሰቀል አላልኩም፣ ፕሮፌሰር። ይዩት ነው ያልኩት። ነገ ጉብታው ላይ ያለው የእማማ ጠጅቱ ቤት ፈርሶ፣ እርስዎም ፍርስራሹ ላይ ቆመው «እዚህ ጉብታ ውስጥ ቤተ መንግሥት አለ» ከማለትዎ በፊት አንድ ጊዜ ይዩት።

ይፍሩ፦ እኔ ቤት አላፈርስም። የሚያፈርሰው ወረዳው ነው።

ዘርትሁን፦ በማን ቃል?

ይፍሩ፦ በዕውቀት ቃል! ሠላሳ ዓመት ከዚህ አፈር ጋር የተጨቃጨቅኩት ለጨዋታ መሰለሽ?

ዘርትሁን፦ ታዲያ ለምን ደውለው አስመጡኝ? «ሳትቆፍሪ፣ መሬቱን ሳትነኪ፣ ውስጡን አይተሽ ካርታ አንሺልኝ» ያሉት እርስዎ አይደሉም?

ይፍሩ፦ ለጋሾቹ «ዘመናዊ መሣሪያ ካልገባበት» ብለው ስለነዘነዙኝ ነው እንጂ እኔማ! ሰሞኑን ሳይሽ ነበር እኮ። ቀበቶሽን ፈትተሽ፣ ቀለበትሽን አውልቀሽ፣ ያንን ዘንግ ተሸክመሽ ከዳር ዳር፣ ከዳር ዳር። ሞፈር የሌለው በሬ! የመንደሩ ሰው «ልጅቷን ምን ነካት?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ስለት አለባት» አልኩት።

ዘርትሁን፦ ብረት በላዬ ላይ ካለ መሣሪያው የሚያነበው እኔን ነው፣ መሬቱን አይደለም። ይህንንም ነግሬዎት ነበር።

ይፍሩ፦ መሬት በእጅ ነው የሚነበብ። ያልተገላበጠ ያርራል ሲባል አልሰማሽም?

ዘርትሁን፦ ሰምቻለሁ። አብዝቶ የተገላበጠም ይፈረፈራል።

ይፍሩ፦ አፍሽማ ድሮም የሰላ ነው። እሺ፣ አሳዪኝና እንገላገል። መነጽሬ የት ገባ?

ዘርትሁን፦ ግንባርዎ ላይ ነው።

ይፍሩ፦ አውቃለሁ። ምንድን ነው ይኼ ደግሞ? ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ… የሕፃን ሥዕል! የልጅ ልጄ ከዚህ የተሻለ… ቆይ። ቆይ፣ ቆይ። ይኼ መስመር ምንድን ነው?

ዘርትሁን፦ ከሥር መሬቱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠበት ነው።

ይፍሩ፦ ቀጥ ብሎ! ይኼኛውም ቀጥ ብሏል። ያኛውም… ዘርትሁን! ክፍል ነው! አራት በሦስት፣ አሥራ ሁለት ክፍል! አላልኩም? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲስቁብኝ አላልኩም?

ዘርትሁን፦ ብለዋል።

ይፍሩ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል! መሣሪያ ማለት ይኼ ነው! እኔ እኮ ድሮም ቢሆን ቴክኖሎጂ ላይ… ምን ያስቅሻል? ይኼን አሁኑኑ ከተማ ወስደሽ በትልቁ አሳትሚልኝ። የአልጋ አንሶላ የሚያህል። ከመድረኩ ጀርባ ይሰቀላል።

ዘርትሁን፦ ቅድም ጨርቅ ነበር።

ይፍሩ፦ ጨርቅም ቀን ሲወጣለት ባንዲራ ይሆናል።

ዘርትሁን፦ እንግዲያው ስለ ቤተ መንግሥትዎ ጥቂት ልጠይቅ። ክፍሎቹ ሁሉ እኩል ናቸው። የዙፋኑም፣ የወጥ ቤቱም፣ የፈረሱም ጋጣ፤ ሁሉም አምስት ሜትር በአምስት ሜትር።

ይፍሩ፦ ሥርዓት ያለው ንጉሥ ነበራ!

ዘርትሁን፦ በር የላቸውም። አንድም።

ይፍሩ፦ በጣራ ይገቡ ነበር። በመሰላል። ጠላት እንዳይደፍራቸው።

ዘርትሁን፦ ንጉሡም በመሰላል?

ይፍሩ፦ ንጉሡ በተለይ!

ዘርትሁን፦ እቴጌዪቱስ?

ይፍሩ፦ አንቺ ልጅ!

ዘርትሁን፦ እሺ፣ እቴጌዪቱን ተውኳቸው። እነዚህ ጥቁር ነጥቦች ብረት ናቸው። በየክፍሉ ማዕዘን አንድ አንድ ብረት፣ ልክ እንደ ችካል ቀጥ ብሎ የቆመ።

ይፍሩ፦ ብረት ቀጥቃጮች ነበሯቸዋ! ለካ ብረት ያውቁ ነበር! ይኼ እኮ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ዘርትሁን፦ ከዳር ያለው ትልቁ ቀይ ደግሞ የተከመረ ቆርቆሮ ይመስላል።

ይፍሩ፦ ግምጃ ቤት!

ዘርትሁን፦ የቆርቆሮ ግምጃ ቤት።

ይፍሩ፦ አሽሙርሽን ተይና ወደ ማተሚያ ቤቱ ሂጂ፤ ይዘጉብሻል።

ዘርትሁን፦ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግን በእርስዎ መንገድ እናረጋግጥ። አንዷን ክፍል ዛሬውኑ እንክፈታት። አንድ ሰው፣ አንድ ዶማ፤ ከጉልበት በላይ መጥለቅ አያስፈልግም።

ይፍሩ፦ ምን? መቆፈር? አንቺ ነሽ ይኼን የምትይኝ? ቅርስ እኮ ነው! ሳይነካ፣ ሳይቧጠጥ ለትውልድ መተላለፍ አለበት። ዘመኑ የሚለው ይኼንኑ አይደል?

ዘርትሁን፦ «መሬት በእጅ ነው የሚነበብ» ያሉኝ ሰውዬ የት ሄዱ?

ይፍሩ፦ ሰው አይማርም?

ዘርትሁን፦ መነጽር እስኪያደርግ ባለው ጊዜ ውስጥ? ይሁን፣ አንቆፍርም። ሳንነካ ሌላ ነገር ላሳይዎት። ያኔ ወጣት ሳሉ እዚህ ወይራ አምባ ሦስት በጋ ቆፍረው ነበር። የት ላይ ነበር?

ይፍሩ፦ ተማሪዬ ሆነሽ ይኼን ትጠይቂኛለሽ? መጽሐፌ ላይ አለ። ከዋርካው በስተምሥራቅ፣ ታች ወንዙ ዳር። ዋርካው ዛሬም ቆሟል፣ ሄደሽ ጠይቂው። ከአንድ የተሰበረ የገንቦ አንገት በቀር ምንም አልተገኘም። ታች ባዶ ስለሆነ ነው እኮ ቤተ መንግሥቱ ከላይ፣ ጉብታው ላይ ነው ብዬ የደመደምኩት።

ዘርትሁን፦ ከዋርካው በስተምሥራቅም ለክቻለሁ። መሬቱን ዶማ አልነካውም። ከተፈጠረ ጀምሮ ማንም አልቆፈረውም።

ይፍሩ፦ እንግዲያው መሣሪያሽ ዕውር ነው።

ዘርትሁን፦ የጫማ ሚስማር የሚያይ መሣሪያ ሦስት በጋ የተቆፈረ ጉድጓድ ያመልጠዋል? ጉብታው ላይ ቤተ መንግሥት ሲያይልዎ ዓይናማ፣ ወንዝ ዳር ሲደርስ ዕውር?

ይፍሩ፦ ያ ጂፒኤስ የምትይው ነገር ተሳስቶብሽ ነው። እኔ የምለካው በእግሬና በዛፍ ነው። ዛፍ ባትሪ አይጨርስም!

ዘርትሁን፦ ዛፍ ግን ይቆረጣል። ይኼን ይዩልኝ። እርስዎ በሚቆፍሩበት ዘመን ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶ ነው፤ ከዛሬው ካርታ ጋር ልክ በልክ ደርቤዋለሁ። ስንት ዋርካ ይታይዎታል?

ይፍሩ፦ አንድ።

ዘርትሁን፦ በደንብ ይዩት።

ይፍሩ፦ …ሁለት።

ዘርትሁን፦ የታችኛው ዛሬም አለ። የላይኛው፣ ጉብታው ላይ የነበረው፣ መንገዱ ሲወጣ ተቆረጠ። ከላይኛው ዋርካ በስተምሥራቅ ይኼ ነጭ ነገር ምንድን ነው?

ይፍሩ፦ ደመና ይሆናል።

ዘርትሁን፦ ደመና ከድንኳን አጠገብ ተቀምጦ ያውቃል? የተቆፈረ አፈር ክምር ነው። ይኼ ድንኳን ነው፣ ይኼ መኪና ነው። ከፊታቸው አራት በሦስት የተሰለፉት ጥቁር ጥቁሮች ደግሞ ጉድጓዶች ናቸው። የእርስዎ ጉድጓዶች! ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ አንድ ዋርካ ብቻ ቆሞ አገኙና «እዚህ ነበር» አሉ።

ይፍሩ፦ አይሆንም።

ዘርትሁን፦ በየማዕዘኑ የቆመው ብረት እርስዎ ተክለው ሳይነቅሉት የሄዱት የፌሮ ችካል ነው። ግምጃ ቤቱም የሰርዲን ጣሳ የቀበራችሁበት ነው። ቤተ መንግሥትዎን ያኔውኑ ቆፍረው ጨርሰውታል፣ ፕሮፌሰር። የገንቦ አንገት ብቻ ነበረበት።

ይፍሩ፦ ያኔ ጉብታው ጫካ ነበር… የሴትዮዋም ቤት አልነበረም… መንገድ የሚባል ነገር…

ዘርትሁን፦ ቆፍረው ባዶ ያገኙትን መሬት ነው ነገ የንጉሥ ግቢ ብለው ሰው የሚያስነሡበት።

ይፍሩ፦ አፍሽን ሰብስቢ! ጥቁር አፈርን ከአመድ መለየት ማን አስተማረሽ? ለዲግሪሽ ከዲን ጋር የተጣላሁት ማነኝ? ጡት ነካሽ!

ዘርትሁን፦ እርስዎ ነዎት። «ያያችሁትን እንጂ የተመኛችሁትን አትጻፉ» ያሉንም እርስዎ ነዎት። እኛ ይዘነዋል። ከእርስዎ ነው የጠፋው።

ይፍሩ፦ …ውኃ አምጪልኝ እስቲ።

ዘርትሁን፦ ይኸው።

ይፍሩ፦ ስሚኝ፣ ልጄ። ነገ ይለፍ። እንግዳ ተጠርቷል፣ ሰንጋ ተገዝቷል። ከተማው ውስጥ «ቤተ መንግሥት ሆቴል» የሚል ታፔላ እንኳ ተሰቅሏል! ነገ ይለፍና ቀስ ብለን በጥናት መጽሔት ላይ ማረሚያ እናወጣለን። ያንቺም ስም ይገባል።

ዘርትሁን፦ ማረሚያውን ማን ያነበዋል? እማማ ጠጅቱ? ቤታቸው ፈርሶ፣ ጌሿቸው ተነቅሎ?

ይፍሩ፦ ምትክ ቦታ ተሰጥቷታል።

ዘርትሁን፦ አይተውታል? ድንጋይ ነው። እንኳን ጌሾ እሾህም አይበቅልበት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!

ይፍሩ፦ እኔን ነው አይጥ የምትዪኝ?

ዘርትሁን፦ ዳዋውማ አይደሉም።

ይፍሩ፦ እሺ፣ እሺ! እንግዲያው መሣሪያው ተበላሸ እንበላቸው። «ካርታው አልደረሰም፣ ነገሩ ይተላለፍ» እንበል። ማንም አይጎዳ፣ ማንም አያፍር።

ዘርትሁን፦ በሚቀጥለው ወር «መሣሪያው ተሠራ» ይባልና ቤት አፍራሹ ዶዘር ይመጣል። እኔም ዕቃ ሰባሪዋ ተብዬ እቀራለሁ።

ይፍሩ፦ ታዲያ ምን ላድርግልሽ? «ተሳሳትኩ» ልበል? ጡረታ አፋፍ ላይ ቆሜ? እነዚያ ሲስቁብኝ የኖሩት ሰዎች ምን የሚሉ ይመስልሻል?

ዘርትሁን፦ ይስቃሉ።

ይፍሩ፦ ማጽናኛሽ ይኼ ነው?

ዘርትሁን፦ ላጽናናዎት አልመጣሁም። የሚያፍሩ እንደሆነ ዛሬ ይሻላል። ነገ ዶዘሩ መሬቱን ሲገፋ ጣሳዎን በካሜራ ፊት ማውጣቱ አይቀርም።

ይፍሩ፦ ጣሳ ቢወጣ የእረኛ ነው እላለሁ! ምን ይመጣል? ሴትዮዋ ራሷ እንኳ አልጮኸች፣ አልከሰሰች። ድምጿንም አልሰማሁ። እሷ ከተስማማች አንቺን ምን አገባሽ? የሟች ልጅ ቁጭ ብሎ ጎረቤት ደረት ይመታል!

ዘርትሁን፦ ለምን እንዳልጮኹ ልንገርዎት? ጎረቤቶቻቸው «አቤት በዪ እንጂ» ቢሏቸው «ፕሮፌሰሩ አለ ካሉማ አለ» አሉ። «ያ ሰውዬ ጉልበቱን በዚህ አፈር ላይ ጨርሶ ይዋሻል? ንጉሥ ካልጋዬ ሥር ተኝቶ ከሆነ እኔ ማን ነኝ የምከለክለው?» አሉ።

ይፍሩ፦ እንዲህ አለች?

ዘርትሁን፦ ለእኔው ነው ያሉኝ፣ ዛሬ ጠዋት። የጣራቸውን ቆርቆሮ ራሳቸው እየነቀሉ ነበር፣ ዶዘሩ እንዳያጨማድደው።

ይፍሩ፦ ራሷ? በዚያ ወገቧ?

ዘርትሁን፦ ራሳቸው። ከሥር ሆኜ ተቀበልኳቸው። ምን ላድርግ? «አይንቀሉ» እንዳልል ቃሉ የእርስዎ ነው።

ይፍሩ፦ ሞኝ ሴትዮ! ሰው እንዴት ዝም ብሎ ሰው ያምናል? አንድ ቀን እንኳ መጥታ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» አትልም? አንድ ቀን ብትጠይቀኝ ኖሮ…

ዘርትሁን፦ ምን ይሏቸው ነበር?

ይፍሩ፦ …አፈርኩ፣ ዘርትሁን። አፈርኩ ነው የምልሽ። በቃሽ?

ዘርትሁን፦ ለእኔማ በቃኝ።

ይፍሩ፦ ለወረዳው ሰውዬ፣ ለአቶ ዋሲሁን ደውዪና ንገሪው። የካርታው ባለሙያ አንቺ ነሽ።

ዘርትሁን፦ እማማ ጠጅቱ ቆርቆሯቸውን የነቀሉት የእኔን ካርታ አይተው አይደለም።

ይፍሩ፦ ድሮም የድንጋይ ልብ ነበረሽ። …ሄሎ? አቶ ዋሲሁን? ይፍሩ ነኝ። ስማኝ፣ ዶዘሩ እንዳይመጣ። አይ፣ ወደ ሌላ ቀን አይደለም፣ ጭራሹኑ አይምጣ። ወይዘሮ ጠጅቱ ከቤታቸው አይነሡም፤ ጣራቸውን የሚመልስላቸው አናጢ ዛሬውኑ ላክ። …ምክንያቱ? ቤተ መንግሥት የለም፣ ምክንያቱ ይኼ ነው። ተሳስቻለሁ። …ተሳስቻለሁ አልኩህ እኮ! …ኧረ ልጅቷ አይደለችም፣ መሣሪያውም አይደለም፣ እኔ ነኝ! እኔ፣ ይፍሩ! ስንት ይፍሩ ታውቃለህ?