በከሰል የተሣለ መስኮት

(ደብረ ብርሃን፣ ጠዋት፤ ተዋበች ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ማድ ቤቷ ደጃፍ ላይ ምስር እየለቀመች ሳለ ባሏ ሸዋንግዛው ገብቶ በምሥራቅ በኩል ያለውን ግድግዳ በከሰል ትልቅ አራት ማዕዘን ሣለበት።)

ተዋበች፦ አጥፋው።

ሸዋንግዛው፦ ምኑን?

ተዋበች፦ ግድግዳዬን ያቆሸሽክበትን። ከሰሉን ወደ ምድጃው መልስና እጅህን ታጠብ።

ሸዋንግዛው፦ መስኮት ነው እኮ ተዋቡ። ግንበኛው ሐሙስ መጥቶ የሚከፍተው በዚህ ልክ ነው።

ተዋበች፦ መስኮት መሆኑንማ አየሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ስለምነው የኖርኩት ነገር መልኩ ይጠፋኛል?

ሸዋንግዛው፦ ታዲያ ያ ሁሉ ልመና ዛሬ ሲሰምርልሽ ምን ያስቆጣሻል?

ተዋበች፦ ለኔ ነው የሰመረልኝ? ግንበኛው የሚመጣው ሐሙስ፣ ቤቱን ሊገዙ የሚያዩት ሙሽሮች የሚመጡት እሑድ። በዚያ መስኮት የኔ ድርሻ ዓርብና ቅዳሜ ብቻ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ቤቱን ያሳምራል። ይሄ ምን ነውር አለው? ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል።

ተዋበች፦ ማሳመር ከሆነ ሳሎኑን አሳምረው። ሴራሚክ አልብሰው። የግቢውን በር ቀለም ቀባው። በር ላይ ያለውን ጽድ አስከርክመው። እሱ ላይ አንድ ቃል አልናገርህም።

ሸዋንግዛው፦ ሳሎኑ ላይ ለምን አትናገሪም?

ተዋበች፦ ሳሎኑ ያንተና የእንግዳህ ነው። ማንም ቢወስደው አይቆጨኝም።

ሸዋንግዛው፦ ደላላው ክፍሌ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? "ገንዘብህን ሳሎን ላይ አትበትን" ነው ያለኝ። ሴራሚኩን ተወው፣ ቀለሙን ተወው፣ ኮርኒሱንም ተወው፤ ማድ ቤቱን አብራው፣ ውሃ አስገባበት፣ መደርደሪያ ስቀልበት አለኝ። ቤት የሚገዛው ባልየው ነው፣ የምትመርጠው ግን ሚስትየዋ ናት፤ እሷ ማድ ቤት ገብታ ፊቷ ከበራ ነገሩ ያለቀ ነው አለኝ።

ተዋበች፦ የማን ፊት?

ሸዋንግዛው፦ የሙሽራዋ።

ተዋበች፦ እሷ ፊቷ እንዲበራላት ነው የኔ ግድግዳ የሚፈርሰው።

ሸዋንግዛው፦ አነጋገር ነው እንጂ። መጀመሪያ የጠየቀችው ነገር "ማድ ቤቱ መስኮት አለው ወይ" ነው አሉ።

ተዋበች፦ እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩህ ይሄንኑ ነበር። ለኔ ስትመልስ ግን እንዲህ ከሰል ይዘህ አልሮጥክም። ቆንጆ ናት?

ሸዋንግዛው፦ እኔ የት አይቻት።

ተዋበች፦ ሳታያት እንዲህ ከሆንክ፣ ብታያትማ ቤቱን ጠቅላላ አፍርሰህ ትሠራላት ነበር።

ሸዋንግዛው፦ አንቺ ሴትዮ፣ በማታውቂያት ሴት ትቀኛለሽ?

ተዋበች፦ አዎ፣ እቀናለሁ። ስሟንም መልኳንም አላውቅም፣ ግን እቀናባታለሁ። ቧንቧውን ከግቢው ጥግ ወደዚህ ሳብልኝ ስልህ "ባልዲ ምን ሠራሽ" ያልክ ሰው፣ ለሷ እስከ ምድጃው አጠገብ ልትዘረጋላት ነው። መደርደሪያ ሥራልኝ ስልህ "መሬት ላይ የተቀመጠ ዕቃ አይወድቅም" ብለህ ስቀህብኛል። ለሷ ግን በቁመቷ ልክ ልታሠራላት ነው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት አንተ ነህ።

ሸዋንግዛው፦ ቁመቷንም እኔ አላውቅም።

ተዋበች፦ እኔ ግን ገና ሳትመጣ አየኋት። እዚህ ጋ ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች። የጠዋት ፀሐይ ክንዷ ላይ ያርፋል። ውሃው እጇ ሥር ነው። ባሏ ሲገባ ቀና ብላ ትስቅለታለች። ለምን አትስቅ፣ ጭስ አልገባባት፣ ወገቧ አልተቆረጠ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ።

ሸዋንግዛው፦ ለሷ አይደለም ተዋቡ፣ ለዋጋው ነው። አጥናፉ ቤቱን የሸጠበትን ዋጋ ሰምተሽ የለ?

ተዋበች፦ ጎረቤታችን ነው፣ እንዴት አልሰማ። አንተ እንደሆነ ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልህም።

ሸዋንግዛው፦ የሱ ቤት ከኔ በምን ይበልጣል? ግንቡ አንድ፣ ቆርቆሮው አንድ፣ ግቢው እንዲያውም ከኔ ይጠባል። እሱ በዚያ ዋጋ ሸጦ አዳማ ሙቀት ላይ ተንፈላሶ ሲቀመጥ፣ የኔን ደላላው አይቶ "ይሄ እንኳ ትንሽ ያስቸግራል" ይበለኝ? ለመሆኑ ምን ያስቸግራል?

ተዋበች፦ በምን እንደሚበልጥህ ልንገርህ? የሚስቱ የዘርፌ ማድ ቤት መስኮት ነበረው። ገና ጎጆ እንደወጡ ነው የከፈተላት። ዘርፌ በመስኮቷ ብቅ ብላ "እንዴት አደርሽ" ስትለኝ፣ እኔ ይቺን ሰፌድ ይዤ ግቢ ላይ ነፋሱ ሲያንቀጠቅጠኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስንት ጊዜ አንጀቴ አርሯል።

ሸዋንግዛው፦ በአጥናፉ ሚስት ትቀኚ ነበር?

ተዋበች፦ በመስኮቷ።

ሸዋንግዛው፦ መስኮቱን የከፈተላት አጥናፉ ነው።

ተዋበች፦ እና?

ሸዋንግዛው፦ ምንም። እንዲያው ነው ያልኩት።

ተዋበች፦ እንዲያው አይመስለኝም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህን አራት ማዕዘን ስትሥል ሜትር ይዘህ ነበር?

ሸዋንግዛው፦ ሜትር ምን ያደርግልኛል? በዓይኔ ነው።

ተዋበች፦ ቀረብ ብለህ እየው። ከሰልህ ያረፈበት ምርጊት ከሌላው ይለያል። ቤቱን ስንሠራ ግንበኛው ለመስኮት ብሎ ክፍት የተወው ቦታ ነው። አንተ ነህ በድንጋይና በጭቃ ያስደፈንከው። ዛሬ ሳትለካ ልክ በላዩ ላይ ሣልከው። እጅህ አልረሳውም።

ሸዋንግዛው፦ ያኔ ብርድ ነበር። የዚህን አገር ነፋስ መች አጣሽው?

ተዋበች፦ አንዴ ብርድ ነው አልክ። አንዴ ሌባ ይገባል አልክ። አንዴ ደግሞ የሰፈሩ ድመት ወጡን ይጨርሰዋል አልክ። ዘንድሮ ሌባው መነኮሰ? ድመቱ ጾመኛ ሆነ?

ሸዋንግዛው፦ ዘንድሮ እንሸጣለን ነው የምልሽ።

ተዋበች፦ ወይስ ብርዱ ከአጥናፉ ጋር ጓዙን ጠቅልሎ አዳማ ወረደ?

ሸዋንግዛው፦ የአጥናፉን ስም ደግሞ ምን አመጣው?

ተዋበች፦ አንተ ነህ ያመጣኸው። መስኮቱ የተደፈነው እሱ እዚያ ማዶ ቦታ የገዛ ሰሞን ነው። ሊከፈት የታሰበው ደግሞ እሱ ሸጦ በሄደ ማግስት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።

ሸዋንግዛው፦ እሺ፣ ውሻ በዪኝ። ሽማግሌ የላከብሽ ሰው ነው እኮ መጥቶ አጥር የተጋራኝ። በዚህ ሁሉ ከተማ ቦታ ጠፍቶ ነው እኔ አጠገብ? ጠዋት ጠዋት ወንበሩን አውጥቶ ከአጥሩ ማዶ ፀሐይ ይሞቃል። መስኮቱን ብተወው፣ አንቺ ወጥ ስታማስዪ ፊት ለፊትሽ እሱ ነው። እኔ ፋብሪካ ገብቼ ማሽኑ እጄን እንዳይበላው ልጠንቀቅ ወይስ አንቺና እሱ ስትተያዩ እያሰብኩ ልዋል?

ተዋበች፦ ለዚህ ነው የደፈንከው?

ሸዋንግዛው፦ ለዚህ ነው። ቀናሁ። ሰው ነኝ እንጂ ግንብ አይደለሁ።

ተዋበች፦ አጥናፉ ፀሐይ ሲሞቅ ፊቱ ወዴት ነበር?

ሸዋንግዛው፦ ወደዚህ ነዋ።

ተዋበች፦ የጠዋት ፀሐይ በየት ነው የምትወጣው?

ሸዋንግዛው፦ ከሱ ቤት ኋላ፣ በዚያ በኩል።

ተዋበች፦ ታዲያ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ፊቱን ወደ ፀሐይ ነው የሚያዞረው ወይስ ወደኛ? አጥናፉ ጀርባውን ሰጥቶን ነው የኖረው። ሃያ ስድስት ዓመት የቀናኸው በሰው ጀርባ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ቆይ፣ አንቺ ጀርባውን የት አየሽው?

ተዋበች፦ ግቢ ላይ ሆኜ ነዋ። ማድ ቤቱ ጨለማ ነው፣ ምስርና ጠጠር አይለይበትም። በየጠዋቱ ሰፌዴን ይዤ ወጥቼ ነው የምለቅመው። አጥሩ እንደሆነ ከወገብ አይዘልም። መስኮቱን ብትተውልኝ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሥራዬን እሠራ ነበር። አንተ ከመስኮት ልትደብቀኝ ብለህ ግቢ ላይ እንደ በርበሬ አሰጣኸኝ።

ሸዋንግዛው፦ ይሄንን አላሰብኩትም።

ተዋበች፦ የቀና ሰው መች ያስባል። እኔም አላስብም። አሁን ያቺ ሙሽራ በዚህ በር ብትገባ በሰፌዱ ነው የምላት።

ሸዋንግዛው፦ ተዋቡ።

ተዋበች፦ አቤት።

ሸዋንግዛው፦ ያኔ አባትሽ ለኔ ሲሰጡሽ፣ አንቺን ጠይቀውሽ ነበር?

ተዋበች፦ ጠይቀውኛል። ያንተም የአጥናፉም ሽማግሌዎች መጥተው ከሄዱ በኋላ ለብቻዬ ጠርተው ጠየቁኝ።

ሸዋንግዛው፦ ምን አልሻቸው?

ተዋበች፦ የአጥናፉ አባት ቤት ቆርቆሮ ነበር፤ በሬ ሞልቷቸዋል። ያንተ አባት ቤት ሣር ነው፣ እሱም ያፈሳል።

ሸዋንግዛው፦ እሱን አውቀዋለሁ። ምን አልሻቸው?

ተዋበች፦ "ለዚያ ለሚስቀው ልጅ ይስጡኝ" አልኳቸው።

ሸዋንግዛው፦ የትኛው ነው የሚስቀው?

ተዋበች፦ አጥናፉ ሲስቅ አይተህ ታውቃለህ?

ሸዋንግዛው፦ ቤቱን የሸጠ ቀን እንኳ አልሳቀም።

ተዋበች፦ በቃ። የቀረኸው አንተ ነህ።

ሸዋንግዛው፦ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?

ተዋበች፦ መች ጠየቅከኝ? አንተ ግድግዳ ስትደፍን ነበር።

ሸዋንግዛው፦ እንግዲህ ያጠፋሁትን አጥፍቻለሁ። በዚህ ቤት ያልሆነልሽ በሚቀጥለው ይሁንልሽ። ሐዋሳ ሄደን ልጃችን አጠገብ ቤት ስንገዛ፣ ማድ ቤቱን ዙሪያውን መስኮት አደርግልሻለሁ።

ተዋበች፦ የሐዋሳውን እዚያው እናያለን። ቤቱ ይሸጥ ስትለኝ እሺ ያልኩህ ለምን ይመስልሃል?

ሸዋንግዛው፦ ልጅሽ ናፍቃሽ ነዋ።

ተዋበች፦ ልጄ ለፋሲካ ትመጣለች። ጨለማውን ሸሽቼ ነው። ዓይኔ ሳይጠፋ ከዚህ ጉድጓድ ልውጣ ብዬ ነው እሺ ያልኩህ። እና አንተ ብርሃን ካስገባህበት፣ ውሃ ካስገባህበት፣ መደርደሪያውን ከሰቀልክበት፣ እኔ ምን አባቴ ቆርጦኝ ነው የምለቀው?

ሸዋንግዛው፦ እንዲያ ከሆነ አይከፈት ነው የምትዪው? ግራ አታጋቢኝ።

ተዋበች፦ ኧረ ይከፈት። ለግንበኛው ደውልና ሐሙስን ወደ ነገ አምጣው። ቧንቧውም ይግባ። መደርደሪያው ግን በኔ ቁመት ነው የሚሰቀለው፣ መጥቶ ይለካኝ።

ሸዋንግዛው፦ ሙሽሮቹስ?

ተዋበች፦ እሑድ ይምጡ። ቆሎ እቆላላቸዋለሁ፤ ጠላም አላጣ። ሙሽራዋን እጇን ይዤ አስገባትና መስኮቱ ፊት አቆማታለሁ። ቧንቧውን ከፍታ ትየው፣ መደርደሪያውንም ትዳስሰው። ዘርፌ ላይ የቀናሁት ይበቃኛል፤ እስቲ ደግሞ በኔ ይቀናብኝ።

ሸዋንግዛው፦ ሰው ቀንቶ ብቻ ሲሄድ እኮ ቤት አይሸጥም ተዋቡ። ሚስት ሳትፈርም ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። እውነቱን ንገሪኝ፤ ትፈርሚልኛለሽ ወይስ አትፈርሚም?

ተዋበች፦ እፈርማለሁ። አንዴ እሺ ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። ግን መስኮቴን ሳልጠግበው አልፈርምም።

ሸዋንግዛው፦ ይሁን፣ ጥገቢው። ክፍሌን ትንሽ እንዲያቆያቸው እለምነዋለሁ። ምን ያህል ጊዜ ይበቃሻል? ሳምንት? ወር?

ተዋበች፦ አላበዛብህም። ጨለማው የቆየውን ያህል።