የእንግዳ ብርጭቆ

ደሴ፣ እሁድ ከሰዓት፤ ጌጤነህ ላስቲኩ ካልወለቀለት ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ከቡፌ ባወጣው ብርጭቆ ውሃ ሲጠጣ ሚስቱ አስካለ ደረሰችበት።

አስካለ፦ አስቀምጠው፤ የእንግዳ ነው።

ጌጤነህ፦ የቱ እንግዳ? ስምንት ዓመት ጠበቅነው እኮ። ይሄኔ መንገድ ላይ አርጅቷል።

አስካለ፦ ቀልድ አንተ። አንዱ ቢሰበር ስድስቱ አምስት ሆነው ይቀራሉ።

ጌጤነህ፦ ታዲያ አምስት እንግዳ ይምጣ። ባለፈው ወር ቆጣሪ አንባቢው በዚሁ ብርጭቆ ጠጥቶ የለ?

አስካለ፦ እሱማ እንግዳ ነው።

ጌጤነህ፦ ቆጣሪውን የምከፍለው እኔ፣ እጀታው በወለቀ ጣሳ የምጠጣው እኔ። ደመወዜን ለሶፋ፣ ለቡፌ፣ ለመጋረጃ አፍስሼ በርጩማ ላይ ቀረሁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አሉ፤ እኔ እንዲሁ ልሻር ነው።

አስካለ፦ ውይ ሲያሳዝን። ግሮሰሪ ገብተህ ለማታውቀው ሁሉ «ሂሳቡ በኔ ነው» ስትል ግን ደመወዝህ ትዝ አይልህም። ለኔ አንድ ቀን ለስላሳ ገዝተህ ታውቃለህ? የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ።

ጌጤነህ፦ እዚያ ወንበሩ ላስቲክ የለውማ። ብርጭቆውንም አስቀምጥ የሚለኝ የለም።

አስካለ፦ በየምሽቱ የምትጠፋው ለዚህ ነው?

ጌጤነህ፦ ለምን መስሎሽ ነበር?

አስካለ፦ እኔ እኮ ይሄን ሁሉ የገዛሁት ቤቱ ቢያምር ትቀመጥልኛለህ ብዬ ነው።

ጌጤነህ፦ ታዲያ መች አስቀመጥሽኝ?

አስካለ፦ ቶሎ እንዳያረጅ ብዬ ነዋ።

ጌጤነህ፦ አስኩ፣ እኛ እኮ ላስቲክ የለንም፤ እያረጀን ነው።

አስካለ፦ እሱን ተወው አሁን።

ጌጤነህ፦ ተውኩት። ልውጣ በቃ።

አስካለ፦ ውጣ። ግሮሰሪህ ናፍቆህ ነው እንጂ ይሄ ሁሉ ነገር ፍለጋ ምንድነው? እራት ብለህ ግን እንዳትመጣ፤ ሰማኸኝ? ሄደ እኮ። እኔ ደግሞ ምን አፌን አስከፈተኝ።

…

አስካለ፦ ማነው በሩን የሚያንኳኳው?

ጌጤነህ፦ እንግዳ ነኝ።

አስካለ፦ የምን እንግዳ?

ጌጤነህ፦ ስምንት ዓመት የጠበቅሽው።

አስካለ፦ እንግዳ ባዶ እጁን አይመጣም።

ጌጤነህ፦ ሁለት ለስላሳ ይዣለሁ። ብርጭቆ ግን የለኝም።

አስካለ፦ ቆይ፣ እንዳትገባ። መጀመሪያ ላስቲኩን ልቅደደው።