ለእረፍት የመጡ ግመሎች

ጅጅጋ ስላደግኩ ብቻ «ሶማሊኛ ይችላል» ተብዬ ሐርተሼክ ሜዳ ድረስ ተወሰድኩላችሁ። ሜዳው ለዱር አራዊትና ለጎብኚ እንዲጠበቅ የወጣውን ደንብ አለቃዬ ለሽማግሌዎቹ ያነባል፣ እኔ አስተረጉማለሁ። «ግጦሽ ክልክል ነው፤ ለመዝናናት መግባት ግን ይፈቀዳል» አለ። የመዝናናት ሶማሊኛው ድርግም ብሎ ጠፋብኝ! «ናሳሾ» አልኩ፤ እረፍት ማለት ነው። አዴር ፋራህ የሚባሉ ሽማግሌ ሁለቴ አስደገሙኝና መርቀውኝ ሄዱ። ምነው ያኔ በጠረጠርኩ!

በሳምንቱ ስንመለስ ሜዳው በግመል ተሸፍኗል። የቆመ የለም፤ ሁሉም ተንበርክከዋል። አለቃዬ ጮኸ። «አዴር፣ ምንድን ነው ይሄ?» አልኳቸው።

«አንተ እንዳልከው እረፍት ላይ ናቸው። አንዱም ሣር አልነካም» አሉኝ።

ይህንኑ ስነግረው አለቃዬ አጠገባችን ወዳለችው ግመል እየጠቆመ «ታዲያ ምን ታኝካለች?» አለ። ጠየቅኳቸው። አዴር ቅር አላቸው።

«ታመሰኳለቻ! የበላችው እኮ ትናንት፣ ከድንበሩ ውጭ ነው።»

አለቃዬ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ። ስለ ማመስኳት የሚል የለም። ቢቸግረው «እረፍቱ እስከ መቼ ነው በላቸው» አለኝ።

አዴር ሣሩን ቃኘት አደረጉና «እስኪርባቸው» አሉ።