ጭኔ ላይ የነበረው ችግኝ

የደነገጥኩት ከሆሳዕና ወደ ፎንቆ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ልጆቼ በማግስቱ የጓሮዬን እንሰት ነቅለው ባህር ዛፍ ሊተክሉ ነው፤ እኔም ችግኙን ገዝቼ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ከፊቴ አንድ ወጣት ለማያውቃቸው ሽማግሌ ያወራል።

«አባባ፣ እንሰት ሌላ አገር ዱር ውስጥ አለ አሉ። ተክሎ የሚበላው ግን የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው!»

«እውነት?»

«እውነት! አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ግን ሙዝ መስሎት ፍሬውን ላክልኝ ይለኛል።»

«ሥሩን ቀቅለህ አብላው፣ ዝም ይላል።»

«እንሰት ዝናብ ቢቀር እንኳ ጓሮ ቆሞ ይጠብቃል። የሀዲያ ሰው ጎተራ እኮ ቋሚ ነው!»

«የኔ ጎተራ ወድቋል፣ ልጄ።»

«እንዴት?»

«ነቅዬ ባህር ዛፍ ተከልኩበት። ባለቤቴ ‹ተው› ብላኝ ነበር። ዝናቡ የቀረ ጊዜ ቆጮ ከገበያ ገዝቼ በላሁ። እኔ፣ የሀዲያ ልጅ!»

«መልሰው አይተክሉም?»

«ተክያለሁ። እሱ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ልጆቹን ግን ዛሬ ነው የሚርባቸው።»

ፎንቆ ስንደርስ ችግኙን ወንበሩ ሥር ትቼ ወረድኩ፤ ቤት ስገባ እንሰቴን እንደቆመ አገኘሁት፣ ተመስገን።